ሰው ጀምሮ የሚጨርሰው የኦንላይን ኮርስ እንዴት ይሠራል?

የመጀመሪያ ኮርሴ በስልክ ፎቶ ስለማንሳት ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ቪዲዮ፣ ከስልሳ በላይ ስላይድ። ከካሜራ ታሪክ ጀመርኩ፣ ወደ ሌንስ ሄድኩ፣ ከዚያ ብርሃን ወደሚቀበለው የካሜራ ክፍል፣ ወደ ሴንሰር። ማታ ማታ እየቆረጥኩ እየቀጠልኩ ሠርቼ ስለቀው ኩራቴ ሌላ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቁጥሩን ሳይ ግን ብዙው ሰው ሁለተኛው ቪዲዮ ላይ ጥሎኝ ሄዷል። መጀመሪያ የወቀስኩት ተማሪውን ነው። "የዘንድሮ ሰው ትዕግሥት የለውም" አልኩ። ኋላ ኮርሱን እንደ ተማሪ ቁጭ ብዬ ሳየው ነገሩ ገባኝ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ አንድም ቦታ "ስልካችሁን አውጡና አንድ ፎቶ አንሱ" አላልኩም።

ችግሩ የእኔ ብቻ አይደለም። ሃርቫርድና ኤምአይቲ ኤድኤክስ በሚባለው የኦንላይን ኮርስ መድረክ የሰጧቸውን ነጻ ኮርሶች ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2019 ውጤታቸውን አውጥተው ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2017/18 ከተመዘገቡት ውስጥ ኮርሱን የጨረሱት 3.13 በመቶ ብቻ ናቸው። እርግጥ ነው፣ ብዙው ሰው ለማየት ያህል ነው የሚመዘገበው። ለሰርተፍኬት ከፍለው የገቡት ዘንድ ቁጥሩ በጣም ከፍ ይላል። ቢሆንም ስማቸው የከበደ መምህራን ያሉባቸው ኮርሶች እንዲህ ከሆኑ፣ "እኔ ጥሩ አድርጌ ካስረዳሁ ሰው ይከታተለኛል" ማለት ብቻውን እንደማያዋጣ ግልጽ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኮርስ ስሠራ የምሄድበት መንገድ ይኸውላችሁ። የፎቶውን ኮርስ እንደ ምሳሌ ይዤ እሄዳለሁ። እናንተ የራሳችሁን ተኩበት።

1. ከመጨረሻው ጀምሩ

ካሜራም ስላይድም ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ተማሪው ኮርሱን ሲጨርስ፣ ዛሬ የማይችለውን ምን ነገር ይሠራል?

እዚህ ላይ ቃሉ ወሳኝ ነው። "ያውቃል"፣ "ይረዳል"፣ "ይገነዘባል" የሚሉትን አውጡ። በተለይ "ግንዛቤ ማስጨበጥ" የምትለዋን። እስከ ዛሬ ተጨብጦ የታየ ግንዛቤ አላጋጠመኝም። ሮበርት ሜገር የተባለው አሜሪካዊ በ1962 ያስቀመጠው ዘዴ እስካሁን ይሠራል። የትምህርት ግብ ሦስት ነገር ይኑረው ይላል፦ በዓይን የሚታይ ድርጊት፣ ድርጊቱ የሚፈጸምበት ሁኔታ፣ እና "ይበቃል" የሚያሰኝ ልክ።

የእኔ የድሮው ግብ፦ "ተማሪዎች ስለ ብርሃን ግንዛቤ ያገኛሉ።"

የአሁኑ፦ "ተማሪው ቤት ውስጥ፣ ያለ ፍላሽ፣ በመስኮት ብርሃን ብቻ፣ ሁለቱም ዓይኖች በግልጽ የሚታዩበት የሰው ፎቶ ያነሳል።"

ሁለተኛውን አንብባችሁ ምን ማስተማር እንዳለባችሁ ወዲያው ይታያችኋል። ከመጀመሪያው ግን የሚወጣው ስለ ብርሃን የተጻፈ ነገር ሁሉ ነው። እኔም ያንን ነበር ያደረግሁት።

2. ቀጥሎ የመጨረሻውን ሥራ አዘጋጁ

ግቡ ከተጻፈ በኋላ እጃችሁ ወደ ስላይድ ይሄዳል። ያዙት። መጀመሪያ ተማሪው ግቡ ላይ መድረሱን የሚያሳይበትን ሥራ ጻፉ። በእኔ ኮርስ ሥራው ይህ ነው፦ "አንድ ሰው መስኮት አጠገብ አቁማችሁ ሦስት ፎቶ አንሱ። መስኮቱ በሰውየው ጀርባ ሲሆን፣ በጎን ሲሆን፣ በፊት ሲሆን። ከሦስቱ አንዱን መርጣችሁ ለምን እንደመረጣችሁት በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።"

አሁን ትምህርቱ ማለት ተማሪውን እዚህ ሥራ ድረስ የሚያደርሰው ነገር ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ የማይጠቅም ነገር ሁሉ ትርፍ ነው፣ የቱንም ያህል ብንወደው። የካሜራ ታሪኬ ያን ቀን ወደቀ። አሳዝኖኝ ነበር፣ አልዋሽም።

3. ጀማሪ አጠገብ ተቀመጡና ዝም በሉ

ይህችን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘላታል። እኔ ግን አንድ ደረጃ ብቻ ምረጥ ብባል እሷን ነው የምመርጠው።

በ1990 ኤልዛቤት ኒውተን የተባለች የስታንፎርድ የዶክትሬት ተማሪ ቀላል ሙከራ ሠራች። አንዱ ሰው የታወቀ ዘፈን ምት በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ይመታል፣ ሌላው ዘፈኑን ይገምታል። መቺዎቹ "ግማሹን ያህል ያውቁታል" ብለው ነበር። ከተመቱት 120 ዘፈኖች የታወቁት 3 ናቸው። ለምን? መቺው እየመታ ዜማው ጭንቅላቱ ውስጥ ይዘፈናል። ሰሚው የሚሰማው ኳ ኳ ብቻ ነው።

ኮርስ የሚሠራ ሰውም እንደዚያ መቺ ነው። ርዕሱን ስለምናውቀው ዜማው ይሰማናል፣ ተማሪው ጋ የሚደርሰው ግን ኳኳታው ነው።

መፍትሔው ብዙ ጣጣ የለውም። ርዕሱን ፈጽሞ የማያውቅ አንድ ሰው ፈልጉ። የመጨረሻውን ሥራ ስጡት። አጠገቡ ተቀመጡ። አትርዱት፣ አትጠቁሙት፣ የት እንደሚቆም ብቻ መዝግቡ። እኔ ይህን ያደረግሁት ከጎረቤቴ ጋር ነው። ስልኩን አንሥቶ አነጣጠረ፣ የሚያነሳው ሰው ፊት ጠቁሮ ወጣ። ደገመ። አሁንም ጠቆረ። ግራ ገብቶት ቀና ብሎ አየኝ። ስክሪኑ ላይ የሰውየውን ፊት ነካ ቢያደርግ ካሜራው ብርሃኑን በዚያ እንደሚለካ አያውቅም ነበር። እኔ ይህን በቀን ስንት ጊዜ አደርገዋለሁ፣ ግን ሳላስበው ስለማደርገው ከስልሳ ስላይድ በአንዱም ላይ አልጻፍኩትም። ስለ ሴንሰር መጠን ግን አራት ስላይድ ነበረኝ!

የቆመባቸውን ቦታዎች ሰብስቡ። የኮርሳችሁ ማውጫ ማለት እነሱ ናቸው።

4. ጭንቅላቱን አታጨናንቁ

የሰው ልጅ የረጅም ጊዜ ትውስታ ሰፊ ነው። አሁን የሚያስብበት የሥራ ትውስታ ግን ጠባብ ነው። በአንድ ጊዜ ስንት ነገር ይይዛል ለሚለው፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር በ1956 "ሰባት፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ ሁለት" ብሎ ነበር። ኔልሰን ካዋን በ2001 ወደ አራት አወረደው። ጆን ስዌለር ደግሞ ከ1988 ጀምሮ ይህን ወደ ማስተማር አምጥቶ የአእምሮ ጫና ንድፈ ሐሳብን ገነባ። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ አዲስ ነገር ሁሉ በዚያ ጠባብ በር ነው የሚገባው። በሩ ላይ ግርግር ከፈጠርን ዋናው ነገር ውጭ ይቀራል።

ግርግሩን የምንፈጥረው ደግሞ እኛው ነን፣ ኮርሱን ለማሳመር ስንል። የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ሜየር ለብዙ ዓመታት በሙከራ ካሳያቸው ውስጥ እኔ ዘወትር የምጠቀምባቸው እነዚህ ናቸው፦

ስላይድ ላይ የጻፋችሁትን ቃል በቃል አታንብቡ። ተማሪው በዓይኑ ያነባል፣ በጆሮው ይሰማል፣ ሁለቱ ፍጥነታቸው አይገጥምም፣ ይጋጫሉ። ሥዕል አሳዩና በድምፅ አስረዱ።

የሥዕሉን መግለጫ ሥዕሉ ላይ አድርጉት። "1 ቁጥርን ከታች ይመልከቱ" ስትሉ ዓይኑ እየተመላለሰ ይደክማል።

ከንግግር በስተጀርባ የሚጫወት ሙዚቃ ይቅር። የሚሽከረከር ጽሑፍም፣ ከርዕሱ ጋር የማይገናኝ ቀልድም። ቀልድ አልጠላም፣ ግን ተማሪው ከሳምንት በኋላ የሚያስታውሰው ቀልዱን ብቻ ከሆነ ከስረናል።

ሌላም አለ። ጀማሪን ገና ከመነሻው "ራስህ ፈልገህ ድረስበት" ማለት ጥሩ ይመስላል፣ ግን ያደክመዋል። መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ የተሠራ ምሳሌ አሳዩት፣ እያንዳንዱን እርምጃ ለምን እንዳደረጋችሁት እየነገራችሁ። ቀጥሎ የመጨረሻው እርምጃ የጎደለው ምሳሌ ስጡት፣ እሱ ይጨርሰው። ከዚያ ግማሹ የጎደለ። በመጨረሻ ባዶውን። ሕፃን መሄድ ሲለምድ እጁን ቀስ እያሉ እንደመልቀቅ ነው። ከፍ ያለ ችሎታ ላለው ሰው ግን ይህ ሁሉ ምሳሌ አሰልቺ ነው፣ እንዲያውም ይጎዳዋል። ስለዚህ "ይህን የምታውቁ ከሆነ ዝለሉት" የሚል አዝራር አድርጉለት።

5. ቪዲዮው አጭር፣ ንግግሩ የሰው ንግግር ይሁን

በ2014 ተመራማሪው ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ በኤድኤክስ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን ተንትነው ነበር። ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ተመልካቹ የሚቆየው በአማካይ ቢበዛ 6 ደቂቃ ያህል ሆኖ ተገኘ። ስቱዲዮ ውስጥ በብዙ ወጪ ከተቀረጹት ይልቅ መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ቀለል አድርጎ የቀረጻቸው የተሻለ የሚያዙበት ጊዜም ነበር። ውድ ካሜራ ለመግዛት እያሰባችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን ማይክ ላይ አውሉት። ሰው ደብዛዛ ምስል ይታገሣል፣ የሚያስተጋባ ድምፅ ግን አይታገሥም።

ስድስት ደቂቃ ማለት ግን የአንድ ሰዓቱን ንግግር አሥር ቦታ ቆራርጦ መስቀል አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። አንድ ቪዲዮ አንድ ጥያቄ ይመልስ። "ፊቱ ለምን ጠቆረ?" አንድ ቪዲዮ ነው። "የት ላቁመው?" ሌላ ነው።

አነጋገሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሜየር የወዳጅ ጨዋታ በሚመስል ቋንቋ የተማሩ ሰዎች በደረቅ ቋንቋ ከተማሩት የተሻለ እንደሚሠሩ አሳይቷል። በአማርኛ ይህ ነገር ይከብዳል፣ ምክንያቱም ማይክ ስንይዝ ወዲያው የስብሰባ ቋንቋ ይመጣብናል። "ተማሪው ይህንን ተግባራዊ ማድረግ ይጠበቅበታል" የሚል ሰው ቡና ላይ እንዲህ ያወራል? "አሁን እናንተ ሞክሩት" በሉ፣ አለቀ። "አንተ" ብትሉ ሴቶቹ ይቀራሉ። "አንቺ" ብትሉ ወንዶቹ። "እርስዎ" ደግሞ ለማስታወቂያ እንጂ ለጨዋታ አይሆንም። እኔ "እናንተ" ነው የምለው፣ አንዳንዴም "እንሞክር" እያልኩ አብሬ እገባለሁ። ስክሪፕታችሁን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ምላሳችሁ የተደናቀፈበትን ቦታ ቀይሩ።

6. ጠይቁ፣ ቆይታችሁ ደግሞ ጠይቁ

የኮርስ ልብ እዚህ ነው። ቪዲዮ ማየት እንደ ገባን እንዲሰማን ያደርጋል፣ ያ ስሜት ግን ይዋሻል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 ያደረጉት ሙከራ ይህን በደንብ ያሳያል። ተማሪዎች ሁለት አጫጭር ጽሑፎች አነበቡ። አንዱን ደግመው አነበቡት። ሌላውን ግን ዘግተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት ጽሑፍ ላይ የተሻለ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ካነበቡት ጽሑፍ 42 በመቶ ያህል ሲያስታውሱ፣ ከጭንቅላታቸው አውጥተው ከጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። ይህ ማለት ጥያቄ መለኪያ ብቻ ሳይሆን ራሱ ማስተማሪያ ነው። ስለዚህ ከየቪዲዮው በኋላ አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ አስገቡ፣ ነጥብ አትያዙበት። ተማሪው መሳሳት የሚፈራ ከሆነ ጥያቄውን ይሸሸዋል።

ጥያቄው ደግሞ የቃል ትርጉም አይሁን። "ብርሃን ምንድን ነው?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ ማስታወሻውን ገልብጦ ይመልስላችኋል። ችግር ውስጥ አስገቡት። የእኔን ልይዝላችሁ፦

"ጓደኛችሁ ለመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ፎቶው ላይ ፊቷ ጠቁሯል። መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?
ሀ. ፍላሽ አበራለሁ።
ለ. ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞራታለሁ።
ሐ. አንሥቼ ኋላ በአፕ አበራዋለሁ።"

ሀ እና ሐ ለማሞኘት የገቡ አይደሉም። ጎረቤቴና ሌሎች ጀማሪዎች በርግጥ የሚያደርጓቸው ናቸው። ጥሩ የተሳሳተ ምርጫ ማለት እውነተኛ ሰው የሚሳሳተው ስህተት ነው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ የመዘገባችሁት እዚህ ይጠቅማችኋል።

"ተሳስተዋል" ብላችሁም አትለፉት። ሀን ለመረጠ፦ "ፊቷ ይበራል። ግን ፍላሹ ከፊት ለፊት ስለሚመታት ፊቷ ጠፍጣፋ ይሆናል። መስኮቱ በነጻ የሚሰጣችሁ ለስላሳ ብርሃን እያለ ፍላሽ ምን ያደርጋል?" ሐን ለመረጠ፦ "ይቻላል። ግን የጠቆረ ፊት በአፕ ሲበራ ነጠብጣብ ያወጣል። መጀመሪያ ሰውየውን አዙሩ፣ አፑ ለማሳመር ይቆይ።" ለን ለመረጠም ለምን ትክክል እንደሆነ ንገሩት፣ ገምቶ ሊሆን ይችላል።

አንዴ መጠየቅ ደግሞ አይበቃም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ በ1885 ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላትን ራሱ ላይ እየሞከረ እንዳሳየው፣ የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት ይጠፋል፣ ከዚያ መጥፋቱ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ትምህርት ጥያቄ ሦስተኛው ትምህርት ላይ ሌላ ልብስ ለብሶ ይምጣ። አምስተኛው ላይ እንደገና። ተማሪው "ይህን ጨርሰነው የለ እንዴ?" ካለ በትክክለኛው መንገድ ላይ ናችሁ።

ጣልቃ ልግባና፣ "እኔ በማየት ነው የምማረው፣ እሱ በመስማት ነው" የሚለውን ሳትሰሙ አትቀሩም። ተማሪዎችን በዚህ ከፍሎ ለእያንዳንዱ የተለየ ኮርስ መሥራት ውጤት እንደሚያመጣ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም። በ2008 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፓሽለርና ባልደረቦቹ ጥናቶቹን ሰብስበው መርምረው ይህንኑ ነው ያሉት። ለሁሉም ምስልም ድምፅም ስጡ፣ ርዕሱ የሚፈልገውን ያህል። የፎቶ ትምህርት በጆሮ ብቻ አይሆንም፣ የቋንቋ አነጋገር በዓይን ብቻ አይሆንም።

7. ብቻውን አትተዉት

ኦንላይን የሚማር ሰው ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነው። ቢጠፋ ማንም "የት ሄድክ?" አይለውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዴሲና ራያን ሰውን ከውስጥ የሚያነሣሡ ሦስት ነገሮች አሉ ይላሉ፦ በራስ ፈቃድ መሥራት፣ እየቻሉ መሄድ፣ ከሰው ጋር መሆን። ሦስተኛው ኮርስ ላይ ቶሎ የሚረሳ ነው።

ብዙ ማድረግ አይጠበቅባችሁም። "ራሳችሁን አስተዋውቁ" የሚለውን የውይይት ጥያቄ ተዉት፣ ሃምሳ ሰው ስሙን ጽፎ ይሄዳል። በምትኩ "ከሦስቱ ፎቶዎቻችሁ የተበላሸውን ለጥፉ" በሉ። ሰው የሌላውን ስህተት ሲያይ ይደፍራል። እናንተም የራሳችሁን የተበላሸ ፎቶ መጀመሪያ ለጥፉ። የለጠፈ ሰው ካለ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት በስሙ ጠርታችሁ አንድ ነገር በሉት። "ጎበዝ" ሳይሆን፣ "የግራ ዓይኗ ላይ ብርሃን አለ፣ የቀኙ ጠፍቷል፣ ትንሽ አዙሪያት" ዓይነት።

በራስ ፈቃድ ስለሚለው፦ የሚያነሡትን ሰው፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይምረጡ። ሥራው ያው ነው፣ ምርጫው የእነሱ ይሁን። ጠፍቶ ለቆየ ሰው ደግሞ አጭር መልእክት ላኩ። "አልጨረስክም" የሚል አይደለም። "ሁለተኛው ሥራ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ከዚያ ጀምር" የሚል።

8. ሁሉንም ከመቅረጻችሁ በፊት አንዱን ሞክሩት

አንድ ትምህርት ብቻ ሙሉ በሙሉ ሥሩ፦ ቪዲዮው፣ ጥያቄው፣ ግብረ መልሱ፣ ሥራው። በስልክ ቢቀረጽም ግድ የለም። ለሦስት ሰው ስጡ። "ወደዳችሁት?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሰው ይሉኝታ አለው፣ "አሪፍ ነው" ይላችኋል። የሠሩትን ሥራ ተቀበሉ። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ከተሳሳቱ ስህተቱ የእነሱ አይደለም።

የእኔ ሦስቱ የላኩልኝን ፎቶዎች ጎን ለጎን ስደረድር ሁለቱ ላይ ሰውየው ከመስኮቱ በጣም ርቆ ቆሟል። ቪዲዮውን መልሼ አየሁት። "መስኮት አጠገብ" ብዬ ነበር፣ አጠገብ ማለት ስንት እርምጃ እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። "እጃችሁን ስትዘረጉ መስኮቱን የምትነኩበት ቦታ" ብዬ ያችን ዓረፍተ ነገር ብቻ ደግሜ ቀረጽኩ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ትምህርት አለፍኩ።